ስምህን ከማዳበሪያው ዝርዝር ያወጣሁበት ቀን

ውድ አባዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። በመቃብርህ በኩል ሳልፍ በልቤ የምልህን ሰላምታ ዛሬ ወረቀት ላይ አደረግሁት። ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነን። ስትሄድ ሚያዝያ ነበር፣ ማሳው ገና በሁለተኛ እርሻ ላይ ነበር። አሁን ኅዳር ነው፤ ጤፉ ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ አንተ ከገበያ ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበርና። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ወንድሜ እንድሪስ አሁንም አዳማ ባጃጁን ይነዳል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣና ዳለቻን እንሽጠው ይላል፤ እማዬም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከዚህ ቤት በሬ ከሚወጣ አንተ ውጣ ትለዋለች። ዳለቻ አልተሸጠም። መሬት እየጠረገ ይከፈት የነበረው የግቢ በር ተሠርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ» ስትለው የኖርከውን ነገር እኔ ሴት ልጅህ በግማሽ ቀን ጨረስኩት። ይህን የምነግርህ ትንሽ እንድታፍር ነው። ጥቁሩ ጃንጥላህ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አለ፣ ማንም አይነካውም። ራዲዮንህን ግን እኔ ወስጄዋለሁ፤ ባትሪ ይበላል ያልከው እውነትህን ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ በርም ስለ ራዲዮንም አይደለም። ስለ ስምህ ነው። በግንቦት ስምህን ከማዳበሪያው ዝርዝር አወጣሁት፣ በገዛ እጄ። የሰፈራችን ሴት የአደ ከዲጃ ባል በአንድ ዓመት ቀድሞህ እዚያ ስላለ ወሬው በእሱ በኩል ተጣሞ ሳይደርስህ ከእኔ ስማው።

ኮሌጅ ጨርሼ የራሳችን ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩ ቀን ደስታህና ፍርሃትህ እኩል ነበሩ። በተወለዱበት አገር መሾም ከዘመድ ያጣላል ብለህ ነበር። ቢሆንም አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኳትን መታወቂያ ተቀብለህ በጣትህ እየተከተልክ አነበብካት። ፊደል የቆጠርከው ከወሎ መጥተህ ወንጂ አገዳ ስትቆርጥ በማታ ትምህርት ስለነበረ ንባብህ ቀስ ያለ ነው። «ሐዋ» አልክ፣ ቀጥለህ «ሰይድ» ላይ ስትደርስ ቆምክና «እንግዲያው እኔም ተቀጠርኩ ማለት ነው» አልክ። ያን ሳምንት ቤታችን ለመጣ ሰው ሁሉ መንግሥት እንደቀጠረህ ስታወራ ከረምክ፤ እማዬ ታዲያ ደመወዝህ የታለ እያለች ታበሽቅህ ነበር።

ደንቡን አንተ አሳምረህ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ካልጀመርኩ መጻፍ አይሆንልኝም፣ ታገሠኝ። ማዳበሪያ ሲወደድ መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ይደጉማል። በድጎማው ዋጋ የሚገዛው በቀበሌው መዝገብ ስሙ ያለ ባለይዞታ ብቻ ነው። መዝገቡ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይጣራል። የሞተ ይሰረዝና ወራሹ ራሱ ቢሮ ቀርቦ፣ ፎቶ ሰጥቶ፣ ኮሚቴው ፊት አሻራውን አድርጎ ይተካል። ግንቦት ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ለከርሞ ይባላል። የጤፍ ዘር ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ከርሞን አይጠብቅም።

አምና የአደ ከዲጃ ባል በግንቦት መጀመሪያ ሞተ። እሷ ኢዳ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ እንደምትቀመጠው። ይህን አላውቅም ነበር አልልህም። ከእናንተው ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ወንድሟን ላከችው፤ የይዞታ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ደንቡ ራሷ ትቅረብ ይላል አልኩት። ኢዳ ላይ ናት አለኝ። ተወካይ አይፈቀድም አልኩት። እንደ ሰው አልተናገርኩትም አባዬ፣ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የተናገርኩት። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፣ ለሰፈሯ ሰው ታደላለች እንዳልባል የምፈራውን ያህል ሌላ ነገር አልፈራም ነበር። ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የባሏን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩትና መዝገቡን ላክሁት። በቦታው ማንም አልተተካም።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኸኝ። ቁጣ አልነበረህም፣ የገባህ አይመስልም ነበር እንጂ። ሴትየዋ መውጣት ካልቻለች ለምን አንቺ አልሄድሽላትም አልከኝ። መዝገቡ ከቢሮ አይወጣም አልኩህ። «መዝገቡ እግር የለውም፤ አንቺ ግን አለሽ» አልከኝ። እኔም ስለ መንግሥት አሠራር አንተ አታውቅም አልኩህ። ይችን ቃል አስታውሳታለሁ፤ እማዬ ሳህኑን አንስታ የወጣችውም ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ማዳበሪያው መጣ። ድርሻህን ከማኅበሩ መጋዘን በአህያ ጋሪ ጭነህ፣ ወደ ቤት የሚያስገባው መንገድ በስተግራ እያለ፣ ዞረህ በእኔ ቢሮ ፊት ለፊት አለፍክ። አህያዋን ሆን ብለህ ስታዘግም አይቻለሁ። አንዱን ከረጢት አደ ከዲጃ ደጅ አራግፈህ ስትመለስም ያለ አንዳች ምክንያት በዚያው መንገድ ነው የተመለስከው። በመስኮት እያየሁህ እንደማላይ ሆኜ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ያን ዓመት የማሳችን የምሥራቅ ጎን ጤፍ ሳሳ፤ አንተ ዝናቡ ነው አልክ።

ከዚያ በኋላ ስሜን ተውከው። «የመንግሥት ሰው፣ ውኃ አቀብዪኝ»፣ «የመንግሥት ሰው ዛሬ በጊዜ ገባች» ትል ነበር። እየሳቅህ ስለምትለው እኔም እስቅ ነበር። እየዋለ እያደረ ጨዋታ ሆነና ነገሩ ያለፈ መሰለን። ግን አባዬ፣ አላለፈም ነበር። አንድ ቀን እነግረዋለሁ፣ ተሳስቼ ነበር እለዋለሁ እያልኩ ዓመቱ ዞረ። ካንተ የወረስኩት በር መሥራት ብቻ ሳይሆን «ነገ» ማለትም ነው።

በሚያዝያ ከጁምዓ ሰላት ተመልሰህ ራሴን አመመኝ አልክ። ማታውን እንድሪስ አዳማ ሆስፒታል አደረሰህ። ግፊት ነው አሉን፣ በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ይህን ስለምታውቀው አላስረዝመውም። የማታውቀው የቀብርህን ነው። ሸሁ እንደ ደንቡ ለቀስተኛውን አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት፣ በሰይድ ላይ ሐቅ ወይም ዕዳ ያለው ካለ ይናገር ሲሉ ከሴቶቹ በኩል የአደ ከዲጃ ድምፅ መጣ። «እሱ ነው እንጂ እኛ ዘንድ ሐቅ ያለው!» አለች። ሴቶቹ ዝም አሰኟት። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። ሰው ሁሉ አንተን አፉ እንዲልህ ተጠየቀ፤ አንተ እኔን አፉ እንድትለኝ ግን የሚጠይቅልኝ አልነበረም።

እማዬ ኢዳ ላይ ተቀመጠች። ግንቦት መጣ፣ መዝገቡም መጣ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ከላይ ሰባተኛው ተራ አንተ ነህ። ጣቴ እዚያ ደርሶ ቆመ። እማዬ ኢዳዋን የምትፈታው በነሐሴ ነው። ስምህን ከሰረዝኩ በአንተ ቦታ ሊተካ የሚችል ሰው ከቤት አይወጣም፤ ቤታችን ዘንድሮ ያለ ማዳበሪያ ይዘራል። ከነጋዴ መግዛት ደግሞ ከየት መጥቶ? እንድሪስ የባጃጁን ጎማ መቀየር አቅቶት ነበር። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ሁኔታዬን አይቶ፣ በደግነቱ፣ ዘንድሮ ይለፍ፣ የአንድ ዓመት ነገር ነው፣ ማን ያያል አለኝ። እንድሪስም በስልክ ያንኑ አለ።

እኔም አደረግሁት አባዬ። ካንተ ስም ፊት «አለ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ያሳፍራል፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ማዳበሪያው ብቻ አይደለም ደስ ያሰኘኝ። አራት ቀን በመንግሥት ወረቀት ላይ በሕይወት ነበርክ። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያንን ተራ ነበር።

የተጣራው ዝርዝር ሰው እንዲያየው የቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአራተኛው ቀን አደ ከዲጃ መጣች። ኢዳዋን ከፈታች በኋላ ስሟ ገብቶ ነበርና መኖሩን ልታረጋግጥ ነው የመጣችው። የጎልማሶች ትምህርት ስለገባች ታነባለች፤ እንዳንተው በጣት እየተከተለች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር አያታለሁ። ጣቷ ወርዶ ወርዶ የራሷ ስም ላይ ደረሰ፣ ፈገግ አለች። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆየች። ትጮሃለች፣ ወይ ወደ እኔ ትመጣና ባሌን በቀይ የሰረዝሽ ልጅ ትለኛለች ብዬ ወንበሬ ላይ ደረቅሁ። እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አላህ ይርሐምህ ሰይዶ» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች። በሕይወት አለ ተብሎ የተጻፈን ሰው አላህ ይማርህ ብላ ሄደች።

ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ ቀድጄ አነሳሁት።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። አልተቆጣችም። አባትሽ የሞተ ነው፣ ሞተ ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ማዳበሪያውስ ስላት አላህ ያውቃል አለች። ሸሁ ጋ ሄድኩ፤ ሴት ኢዳ ላይ ሆና ለግድ ጉዳይ ቀን ወጥታ ቀን ብትመለስ እንደማይከለከል ነገሩኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝና «ኢንተላ ኮ» አለች፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ መሆኑን አንተ አታጣውም፣ በዚህ ድምፅ ስትለው ነገር እንዳበቃም ታውቃለህ። ከዲጃ ተቀምጣለች፣ ከእሷ በፊት የነበሩትም ተቀምጠዋል፤ እኔ የሹም እናት ስለሆንኩ የምወጣበት ምክንያት የለም አለችኝ። ሹም አይደለሁም ብላት አልሰማችኝም።

ያን ጊዜ ነው ቃልህ የመጣችልኝ። መዝገቡ እግር የለውም፤ እኔ ግን አለኝ።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ መዝገቡን ይዘን ቤት ለቤት እንሂድ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡ ከቢሮ አይወጣም አለኝ፤ የራሴን ቃል በራሴ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አንተ ብትኖር በሳቅ ትፈርስ ነበር። ተከራከርኩ። ዘንድሮ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሦስት ሴቶች አሉ፤ እማዬ አለች፣ ሌላዋ ደግሞ እንደሷው ኢዳ ላይ ናት፣ አንዷ ክርስቲያን ናት፣ ለቀስተኛው ገና ከቤቷ አልወጣም። ሦስቱም ሐዘን ስለያዛቸው እንጂ መሬቱ የእነሱ ስላልሆነ አይደለም የቀሩት። ለእናትሽ ብለሽ ነው አለኝ አንዱ። አዎ ለእናቴም ብዬ ነው አልኩት፤ አምና ለሌላ ሰው እናት ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። በመጨረሻ ሁለት የኮሚቴ አባላት አብረውኝ እንዲሄዱና መዝገቡ ከእጄ እንዳይወጣ ተስማማን።

ቅዳሜ በእግር ወጣን። ቤታችን ለቢሮው ከሁሉም ይቀርባል፣ ግን መጨረሻ አደረግሁት። ምክንያቱ ይገባሃል። የሴቶቹን ፎቶ በስልኬ እያነሳሁ፣ ደንቡን እያነበብኩ፣ አሻራቸውን እያስደረግሁ ቤታችን ስንደርስ ከቀትር በኋላ ሆነ። ኮሚቴዎቹ ግራሯ ሥር ያንተ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መዝገቡን ይዤ ወደ እማዬ ገባሁ፣ በሩን ክፍት ተውነው፣ እንዲያዩ።

ዕድሜዋን ሙሉ የማታወልቀውን ጌጧን አውልቃ፣ በሐዘን ነጠላዋ ተቀምጣ ነበር። የቱ ጋ ነው ያለው አለችኝ። ጣቷን ይዤ ሰባተኛው ተራ ላይ አኖርኩላት። ፊደል ባታውቅም ብዙ ቆየች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ስምህን ሸፈነችው፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ግንባር እንደምትይዘው። ልጆች ሆነን ሲያመን እንዲያ ነበር የምትይዘን። እጇን እስክታነሳ ጠበቅሁ። ቀዩን እስክሪብቶ ስታይ በዚህ አይሆንም አለችኝ። ደንቡ ቀይ አይልም፣ እኔ ነኝ ቀይ የለመድኩት። ሰማያዊ አወጣሁ። ሥሩ እንዲነበብ አድርገሽ ሰርዢው አለችኝ። ቀጭን መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ትንሽ ታጠፈብኝ፣ ይቅርታ።

እሷ አሻራዋን አደረገች። አሁን በመዝገብም በስሟ የመሬቱ ባለይዞታ ናት፤ ሥራ አስኪያጁ ስሟን ሲጠራ እንደ እንግዳ ዞር ብላ ታያለች።

ማዳበሪያው በሐምሌ መጀመሪያ መጣ። የሦስቱም ሴቶች ድርሻ አልቀረም። አደ ከዲጃ በአህያ ጋሪዋ አንድ ከረጢት ጭና በራችን ላይ ቆመች፤ የአምናው ምላሽ መሆኑ ነው። እማዬ መልሳ ላከቻት። እስከ ዛሬ በዚህ አልተግባቡም፣ እኔም ከመሐላቸው ወጥቻለሁ። ለአጨዳው ግን ማክሰኞ ከነማጭዷ ትመጣለች፣ እንድሪስም ባጃጁን ያቆማል። የምሥራቁ ጎን ዘንድሮ ካንተ ጊዜ ይሻላል። እማዬ ለሰይድ እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር፣ ነገርኩህ።

አባዬ፣ አምና አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ይህን በሕይወት እያለህ ልነግርህ ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ሳልነግርህ በመቅረቴ የሚሰማኝን ለማንም አልመኝለትም። አፉ በለኝ። ለአደ ከዲጃም ሄጄ አፉ በዪኝ ብያታለሁ። ተይ ያለፈ ነው አለችኝና ምሳ ሳልበላ እንዳልወጣ ከለከለችኝ።

በየዓመቱ ግንቦት መዝገቡን ይዤ ሐዘን ያለበትን ቤት ሁሉ በእግሬ እዞራለሁ። አንተን የማስታውስበት መንገድ ይህ ይሁንልኝ፤ ከዚህ ቀበሌ ቢያዛውሩኝም የምሄድበት ቀበሌ ሐዘን አያጣም። ከእንግዲህ ነገ አልልም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቅዳሜ ማታ መዝገቡን ይዤ ቢሮ ተመለስኩና ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፈረምኩ። ያጣራው ባለሙያ ስም ከነአባቱ በየገጹ ግርጌ ይጻፋል፣ ደንብ ነው። ሐዋ ሰይድ፣ ሐዋ ሰይድ፣ ሐዋ ሰይድ እያልኩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ከላይ የሰረዝኩህን ከታች ጻፍኩህ። ከዚያም አራተኛው ላይ፣ አምስተኛው ላይ፣ እስከ መጨረሻው። እኔም ተቀጠርኩ ብለህ ነበር። አልተሰናበትክም አባዬ፣ ሥራ ላይ ነህ።

ልጅህ፣
ሐዋ ሰይድ